የጋፋቱ አባትና የመግቢያ ፍልስፍና ክፍሌ

ጡረታ ስወጣ ለኮሌጁ የማስረክበው ንብረት ብዙ አልነበረም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ክረምት በገባ ቁጥር በሩ በእርጥበት እያበጠ የሚያታግለኝ ቢሮ ቁልፍ ነው። ንብረት ክፍል የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ክሊራንሴ ላይ ማህተሙን ከመምታቱ በፊት ቀና ብሎ፣

«የየትኛው ትምህርት ክፍል ነዎት?» አለኝ።

«የፍልስፍና።»

«እሱ አሁንም አለ እንዴ?»

ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ነበረ» ብዬው ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ከግቢው በር እስከ ባጃጅ ተራው እየሄድኩ ሳስበው፣ ሰውየው አልተሳሳተም። ብዙ ዓመት በዚያ ግቢ ፍልስፍና ማለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ ኮርሱን የሥነ ዜጋ መምህራን ተከፋፍለው ያስተምሩታል ተብሏል። ተማሪውም ቢሆን አሁን አሁን ጥያቄ ስትሰጠው ጎንበስ ብሎ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። ስልኩም ይመልስለታል፤ ያምርለታልም። እኔ ግን የኖርኩት ከዚያ በፊት በነበረው ዝምታ ውስጥ ነው፤ ተማሪው ጣራ ጣራ እያየ በሚያስብበት።

ሥራ የጀመርኩት ገሳይ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው፣ ገና ልጅ እግር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ። ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪና ወደ ነፋስ መውጫ ሲያልፍ አቧራው ክፍላችን ድረስ ይዘልቅ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፣ ድምፅ። በመስኮት ብቅ ይሉና «እማዋይሽ፣ ክፍልሽ ይንጫጫል» ይሉኛል። የእሳቸው ጥሩ ክፍል ጸጥ ያለ ክፍል ነው። የእኔ ልጆች ደግሞ «ለምን?» ማለት ከጀመሩ ማቆሚያ አልነበራቸውም፤ እኔም ማቆሙን አልወደድኩትም።

ኋላ ለዲግሪ አዲስ አበባ ተላክሁ። የሞላሁት ሕግ ነበር፤ የደረሰኝ ፍልስፍና ነው። ማንም ፈልጎት የገባ አልነበረም፤ የተመደብን ሁሉ እርስ በርስ እየተያየን አዘንን። ጨርሼ ስመለስ እናቴ ደስ ብሏት ጎረቤት ጠርታ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ የምታክሚው ምኑን ነው?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። እስከ ዛሬም መልሱን በደንብ አላውቀውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ መምህር ፈለቀ ናቸው። ደብረ ታቦር ኮሌጅ ስመደብ የመግቢያ ፍልስፍናን ኮርስ ብቻቸውን ይዘውት አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። ክፍል ሲገቡ ሰሌዳው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሳቸው ዳስተሩን አንስተው ከዳር እስከ ዳር ያጠፉታል፤ ተማሪው እስኪረጋጋ የሚወስደው ጊዜ ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ ወደ ተማሪው ይዞራሉ፣ «የሚቃወመኝ አለ?» ይላሉ። «ገባችሁ?» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ያን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው የሚያስጨንቅ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከኋላ ተቀምጬ ሳዳምጣቸው እጄን አውጥቼ ልገላግላቸው ይቃጣኝ ነበር። ሲወጡ፣ «ዝምታውን አትሙዪው» አሉኝ። «አንቺ ከሞላሽው እነሱ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ሌላው ልማዳቸው ይበልጥ ይከብዳል። ተማሪ ሲቃወማቸው ወዲያው አይመልሱም። የልጁን ሐሳብ አንስተው፣ ጠርዙን አስተካክለው፣ ከልጁ ከራሱ አሳምረው ይናገሩለታል። «እንዲህ ነው ያልከው?» ይላሉ። ልጁ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ካላለ መልስ የለም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ተነስቶ ሴት ልጅ ለመሪነት አትሆንም አለ። መምህር ፈለቀ የልጁን ነገር ወስደው እንዲያ አድርገው ሲያጠነክሩት ንድድ ብሎኝ ወንበሬን ገፍቼ ልወጣ ነበር። «እንዲህ ነው ያልከው?» አሉት። ልጁ ቆየና፣ «እንደዚያ ጠንክሮ ሲሰማ ግን፣ ቲቸር፣ እኔም አላመንኩበትም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ተቀመጥ፤ ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠራህ» አሉት። እኔም ወንበሬን ወደ ቦታው መለስኩ።

እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው አዳማ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። ለተወሰነ ጊዜ እየደወልን እንከራከር ነበር። መሞታቸውን የሰማሁት ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ወቅት፣ ከተቀበሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለቅሶ የምደርስበት ሰው በአጠገቤ አልነበረም። በማግሥቱ ክፍል ገባሁ፣ ንጹሑን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አጠፋሁ።

በደብረ ታቦር ሰው አጥቼ አይደለም። ዕድር አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ፣ ሰላምታው ከቤቴ እስከ ገበያ አያቋርጥም። ትዳር አልያዝኩም፤ እንዲሁ ቀረ። ያጣሁት የሚቃወመኝ ሰው ነው። አንድ ነገር ተናግሬ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» የሚለኝ ሲጠፋ ቤቴ ውስጥ የራሴ ድምፅ ይከብደኝ ጀመር።

ሥራዬን ግን ወደድኩት። የኮርሱ ሞጁል በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ትርጉሙን ሸምድዶ ይመጣና ምንም ሳያስብ ፈተናውን ያልፋል። አንድ ቀን ሞጁሉን ዘጋሁና፣ «ከቤት፣ ከገበያ፣ ከባጃጅ ውስጥ የሰማችሁትን፣ 'ስለዚህ' የሚል ቃል ያለበት ንግግር ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። አንዷ ከአጎቷ የሰማችውን አመጣች፦ ገብሱን አምና ዋግ መታው፣ ዘንድሮም መታው፣ ስለዚህ ማሳው ላይ ዓይን አርፎበታል። ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ከ«ስለዚህ» በፊት የቆመው ምክንያት ምንድን ነው? ከኋላው የመጣውን ድምዳሜ ይሸከማል? ክፍሉ ተንጫጫ። የገሳዩ ርዕሰ መምህሬ በመስኮት ብቅ የሚሉ መሰለኝ።

ቀጥሎ «ስለዚህ» የሌለበትን እንፈልጋለን። «ደመናው ከብዷልና ልብሱን አስገቡ» ሲባል ምክንያቱ ያለው በአንዲት «ና» ውስጥ ነው። ተማሪ ያቺን «ና» ራሱ ያገኛት ቀን ፊቱ ይለወጣል። ዕድሜ ልኩን ሲናገረው በኖረው ቋንቋ ውስጥ ያልገባበት ክፍል እንዳለ ያይባታል። ያን ፊት ለማየት ስል ነው ዓመት ከዓመት አንዱን ኮርስ ሳይሰለቸኝ ያስተማርኩት።

ይርጋ የመጣው ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ ነው። የጋፋት ልጅ ነበር፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ከሚያርሱ ሰዎች። ሰሌዳው ላይ፣ አንድን ነገር አውቃለሁ የሚል ሰው ምክንያቱን ማቅረብ አለበት ብዬ ጻፍኩ። «የሚቃወመኝ አለ?» አልኩ። ዝምታው ሲረዝም ከመስኮቱ በኩል፣

«እኔ እቃወማለሁ» አለ።

«ቀጥል።»

«እናቴ ትወደኝ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን በሕይወት የለችም። ምክንያቱን አምጣ ቢሉኝ ግን የማመጣው የለኝም።»

ሐሳቡን አንስቼ አሳምሬ ልናገርለት ሞከርኩ፤ ከእሱ አባባል የተሻለ አላገኘሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ሲያልቅ አብረን እንወጣና እስከ ግቢው በር እንከራከራለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከመምህር ፈለቀ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ይርጋ እየዋለ ሲያድር ለውጥ አሳየ። ያለ ምክንያት የሚታወቅ ነገር አለ ብሎ የተነሣ ልጅ ሁሉን ነገር በምክንያት መመዘን ጀመረ። ያንን ብዙ ወጣት ላይ አይቼዋለሁ፤ አዲስ የተሳለ ማጭድ እንደያዘ ሰው ያገኙትን ሁሉ ሊያጭዱ ይቃጣቸዋል። ጊዜ ሲያልፍ ይበርዳል። የእሱ ከመብረዱ በፊት የእናቱ ተዝካር ደረሰ።

አባቱ አያ ምትኩ ደግሰው፣ ካህናቱንና ጎረቤቱን ጠርተው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ እየመረቀ ሳለ ይርጋ ድንገት፣ «አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ለእናቴ እንደሚደርሳት በምን ያውቃሉ?» አላቸው። አባትየው በሰው ፊት አፈሩ። አንድ ሽማግሌ ተቆጡት፤ እሱም ንግግራቸው የትኛው ዓይነት የክርክር ስህተት እንደሆነ በስሙ ጠርቶ መለሰላቸው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ስም። ያን ጊዜ አያ ምትኩ ተነሥተው፣ «ከቤቴ ውጣ» አሉት።

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ በማግሥቱ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፣ ቲቸር። መልሱን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው።»

«ጥያቄ ለጠየቀ ሰው ይቅርታ ይጠየቃል?»

ሊያስታርቅ የሚችል የሥጋ ዘመድ ነበረው፤ እሱ ግን የሚሰማው እኔን ብቻ ነበር። ስለዚህ አብሬው ጋፋት ወረድኩ። አያ ምትኩ በር ላይ ተቀበሉን። ቀልጠፍ ያሉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ዓይናቸውን ከሰው ላይ የማያነሱ ሰው ናቸው። እኔን መደቡ ላይ አስቀመጡኝ፤ ልጃቸውን እንደማያውቁት ሰው በዓይናቸው አለፉት።

እኔ የማውቀው የማስታረቂያ መንገድ አንድ ነበር፣ የመምህሬ። የአንዱን ሐሳብ ለሌላው አሳምሬ ልናገር አሰብኩ።

«አያ ምትኩ፣ ይርጋ የሚለው እንዲህ ነው» አልኳቸው። «የምንሰጠው ለሟች መድረሱን የምናውቅበት ነገር ከሌለ፣ ድግሱ የሚያጽናናው እኛን ብቻ ሊሆን ይችላል። እናቱን ስለሚወድ፣ ለእሷ የተደረገው ለእሷ መድረሱን ማወቅ ይፈልጋል።»

አያ ምትኩ ረጋ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እሱ እንኳ እንዲህ አላለኝም» አሉ። «እሱ ጥሬውን ነው የወረወረብኝ። አንቱ አብስለው አመጡልኝ።»

ወደ ይርጋ ዞርኩ። «አባትህ የሚሉት ደግሞ፣ መውደድ ሰው ሲሞት የሚቆም ሥራ አይደለም ነው። እሷ እያለች ያበሏት ነበር፤ አሁን በስሟ ያበላሉ። መድረሱን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ያቆማል፤ እሳቸው ማቆም አይፈልጉም።»

ይርጋ ቀና ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ ይህን ክፍል ውስጥ ጽፌ ባመጣልዎ እንደ ማስረጃ ይቀበሉኝ ነበር?»

አባትየውም ልጅየውም ይጠብቁኝ ነበር። ውሸት ብናገር ይርጋ ያውቃል።

«አልቀበልህም ነበር» አልኩ።

አያ ምትኩ ተነሥተው ከብቶቻቸውን ሊያዩ ወጡ። ብዙ ቆየን፤ አልተመለሱም። ይርጋና እኔ በእግር መንገዱ ወደ ከተማ ተመለስን። በዚያው ሰሞን ትምህርቱን ጥሎ ወደ ሐዋሳ ሄደ፤ ለእኔም ሳይነግረኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ለቀሪው መንፈቅ ባዶ ነበር። ሌላ ተማሪ ተቀመጥበት ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።

ክረምቱ አልፎ አዲስ ተማሪ ከገባ በኋላ የግቢው ጥበቃ ስልክ ደውሎ፣ «አንድ አባት እዚህ በር ላይ እርስዎን ይላሉ» አለኝ። ወጣሁ። አያ ምትኩ ናቸው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው።

«ልጄን ያስተማሩትን ልስማ ብዬ ነው» አሉኝ። «ይፈቀዳል?»

ይፈቀድ አይፈቀድ ማንንም አልጠየቅሁም። ይዣቸው ገባሁ። ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡላቸው፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን የማስተምረው ሰውን ትቶ ሐሳቡን ስለ መመርመር ነበር። ምሳሌዎቹን ከገበያ አመጣን፤ ተማሪው ሳቀ፣ ተከራከረ። እሳቸው አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጠመኔው ሁለቴ ወደቀብኝ።

ሲያልቅ ውጪ ግንቡ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አያ ምትኩ።»

«ክፉ ነገር አልሰማሁም» አሉ። «እኔ እኮ የሆነ ነገር አፍዝዞ የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር። ይኼማ ወግ ነው፤ ደህና ወግ። ታዲያ ልጄ ለምን ተወኝ?»

ያን ያህል ዓመት ጥያቄ ስጠይቅና ስጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ሁሉ በውስጤ አገላበጥኩ። ልጁ እናቱ ናፍቃው እንደሆነ፣ ጥያቄው ከናፍቆት እንጂ ከንቀት እንዳልመጣ ታየኝ፤ ግን ያን ጊዜ ብነግራቸው ልጁን የሚመልሰው አልነበረም፤ ሄዷል። «አላውቅም» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ በቤቴ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ስልክ የላቸውም፤ የይርጋ ጓደኞችም ቁጥሩን አያውቁም፤ ቢደውል ለእኔ ይደውላል ብለው ነው። ደጃፌ ላይ ይቆማሉ።

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

ከዚያ ይገባሉ። ሻይና ዳቦ አቀርባለሁ። ስለ ድንቹ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ባለቤታቸው ስለ ይታይሽ ያወሩኛል፤ ሳቋ ከወንዙ ማዶ ይሰማ እንደነበር። አንዳንዴ እቃወማቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይቃወሙኛል። «አንቱ» ማለቱን ትተው «እቴ» ይሉኝ ጀመር። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ሳይመጡ ሲቀሩ ቅዳሜዬ መሄጃ ያጣ ቀን ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስናገር እውላለሁ፤ ከሰው ጋር የማወራው ግን ቅዳሜ ነበር። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

ጡረታ በወጣሁ በመኸሩ፣ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

«ቲቸር እማዋይሽ? ይርጋ ነኝ።»

ድምፁ ጎርንኗል። ሐዋሳ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ እንደሚሠራ፣ ሚስት እንዳገባ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ልጅ ወለድኩ፣ ሴት፤ አራት ወሯ ነው» አለ። «የእናቴን ስም ሰጠኋት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«አባዬ... አሉ?»

«አሉ።»

«ያነሱኛል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አልኩት። አልገባውም፤ አላብራራሁለትም። «ነገ በዚህ ሰዓት ደውል። ቤታቸው እሆናለሁ።»

በማግሥቱ ባጃጁ እስከሚደርስበት ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። አያ ምትኩ አውድማቸው ላይ ገብስ ያበራያሉ። ሲያዩኝ መንሻቸውን ጣሉ፤ ቀኑ ቅዳሜ አልነበረም።

«ምን ሆነ?» አሉ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

«ሊደውል ነው።»

ስልኩ ሲጮህ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እንዴት እንደሚይዙት ጆሯቸው ላይ አስተካከልኩላቸው። ከወዲያ በኩል ድምፅ ይሰማል፤ እሳቸው ግን መናገር አቃታቸው። ልናገርላቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

«በላህ?» አሉ በመጨረሻ። «ምሳ በላህ ወይ?»

ከዚያ ስለ በሬው ጠየቀ መሰለኝ፣ ስለ በሬው ነገሩት። ገብሱ ዘንድሮ ደህና እንደሆነ፣ የግቢው ባሕር ዛፍ እንደተቆረጠ ነገሩት። ስለ ተዝካሩ ማንም አላነሣም። ድንገት፣ «ይታይሽ?» ሲሉ ሰማሁ። «ይታይሽ ነው ያልካት?» ብለው ጭዱ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ አጥሩ ማዶ ዞር አልኩላቸው። ንፋሱ እብቁን እያነሣ ልብሴ ላይ ይበትነዋል። ረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ሲጨርሱ ስልኬን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እቴ» አሉ። «ደግሞ ይደውላል። ስልክ ግዙ አለኝ።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦ ጋግሬ ጠበቅሁ፤ አልመጡም። የሚጠይቁኝ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ጠበቅሁ ግን። በሌላው ቅዳሜ ራሴ ገበያ ወጣሁ። ድንች ሻጮቹ ዘንድ ስደርስ አየኋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ትንሽ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ሁሉ ይጮኻሉ። «አስቃት! እስቲ ሳቋን ልስማው!» ይላሉ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ሲጨርሱ ሰላም ልላቸው ብዬ ጥቂት ቆምኩ። ንግግሩ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ቤቴ ወጣሁ።